ሦስት ጉልቻ በባሕር ዳር
የላማሌራ መንደር ሰዎች ኑሮ፣ ንብረትና ጉዞ

(በሬድዮ ከቀረበ የታሪክ ንግግር)



በዚህ አገር ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ቶሎ ከሚማራቸው ቃላት አንዱ «ታቡ» የሚለው ነው። ታቡ ማለት መሬትና ቤት የማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት የመንግሥት መዝገብ ነው። ስሙ እዚያ የተጻፈ ሰው ባለቤት ነው። ያልተጻፈ ሰው ግን ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከገጠር የመጡ አባቶችና እናቶች ይህን ሲሰሙ መገረማቸው አይቀርም። እነሱ በኖሩበት ዘመን የእርሻው ድንበር በድንጋይና በዛፍ ይታወቅ ነበር፤ የማን እንደ ሆነም ሽማግሌና ጎረቤት ይመሰክር ነበር።

ታዲያ ንብረት ማለት ምንድን ነው? ወረቀት ነው? መሬት ነው? ወይስ በሰዎች መካከል ያለ ውል ነው? ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ከእኛ በጣም ርቃ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር መንደር እንሄዳለን። ስሟ ላማሌራ ይባላል። የምትገኘው በኢንዶኔዥያ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

መንደሩ የት ነው?

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት ሰፊ አገር ናት። አብዛኛው ሕዝቧ እስላም ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ፍሎሬስ የምትባል ረጅም ደሴት አለች፤ ከእርሷም በስተምሥራቅ ሌምባታ የምትባል አነስተኛ ደሴት ትገኛለች። በእነዚህ ደሴቶች አብዛኛው ሰው ካቶሊክ ክርስቲያን ነው። ላማሌራ በሌምባታ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ሳዉ በሚባለው ባሕር ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

መንደሯ ሁለት ሰፈር አላት፤ የላይኛው ከአቀበቱ ላይ፣ የታችኛው ከባሕሩ አጠገብ። የሁለቱም ነዋሪ ቢደመር ሁለት ሺህ ሰው ያህል ነው። ከበስተጀርባዋ ላባሌካን የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል። መሬቱ ቁልቁለትና ድንጋያማ ስለ ሆነ ለእርሻ አይመችም። ባሕሩ ግን ከዳር ጥቂት ራቅ እንዳሉ በጣም ጥልቅ ይሆናል። በዚህም ምክንያት በባሕር ከሚኖሩት ፍጥረታት ሁሉ ትልልቆቹ፣ ዓሣ ነባሪዎች፣ በመንደሩ ፊት ለፊት ያልፋሉ።

የላማሌራ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። ትልቁን ጥርሳም ዓሣ ነባሪ በጀልባና በጦር ያድናሉ። በእርግጥ በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ ለእኛ አይበላም። ነገር ግን ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምግቡ ሳይሆን፣ መሬት የሌላቸው ሰዎች ንብረትን እንዴት እንደ ሠሩት ነው።

ከጠፋች ደሴት የመጡ ሰዎች

የላማሌራ ሰዎች ራሳቸው መጤዎች ናቸው። ይህን አይደብቁም፤ በትውልድ ታሪካቸው ውስጥ ይተርኩታል። አባቶቻቸው ከሩቅ፣ ሱላዌሲ ከምትባለው ትልቅ ደሴት በኩል ተነሥተው፣ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገሩ እንደ መጡ ይናገራሉ። ከዚያም ከሌምባታ በስተምሥራቅ ሌፓን ባታን በምትባል ደሴት ተቀመጡ። አንድ ቀን ታላቅ መዓት ወረደ፤ ባሕሩ ደሴቲቱን ዋጣት፤ የተረፉት በጀልባ ሸሹ። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ጎሳዎችም ከዚህችው ከጠፋች ደሴት እንደ መጡ ይተርካሉ።

ሸሽተው ሌምባታ ሲደርሱ የባሕሩ ዳርቻ ባዶ አልነበረም። ቀድመው የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። መጤዎቹ በጉልበት አልያዙትም፤ ከነባሮቹ ጋር ተስማምተው የመኖሪያ ቦታ አገኙ ይላል ታሪካቸው። የነባሮቹ ልጆች እስከ ዛሬ «የመሬት ጌቶች» ይባላሉ። ከእነርሱ ውስጥ ዉጆን የሚባለው ጎሳ አለ። በየዓመቱ የአደኑ ወራት ሲጀመር፣ መጀመሪያ ወደ ተራራው ወጥቶ የአባቶችን ሥርዓት የሚፈጽመው የዉጆን ወገን ነው። ዓሣ ነባሪ ሲያዝም ከራሱ በኩል ያለው ድርሻ ለመሬት ጌቶች ይሰጣል። ውሉ ከተገባ ስንት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የኪራዩ ዓይነት ግን አልተረሳም።

ከመጤዎቹ ወገን ሦስት ዋና ጎሳዎች አሉ፤ ብሊኮሎሎንግ፣ ባታኦናና ሌፎቱካ ይባላሉ። ሦስቱ በአንድነት «ሊካ ቴሎ» የሚል ስም አላቸው። ትርጉሙን ስትሰሙ ደስ ይላችኋል፤ «ሦስቱ ጉልቻዎች» ማለት ነው! እኛም ትዳር የያዘውን ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» እንላለን። እነዚያ ሰዎች እኛን አያውቁንም፤ እኛም አናውቃቸውም። ነገር ግን ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ሁለት ድንጋይ እንደማይበቃ ያውቃል። መንደሩም በሦስቱ ላይ ተጥዷል።

ጀልባው የማን ነው?

አሁን ወደ ንብረቱ ጉዳይ እንግባ። በላማሌራ ትልቁ ሀብት ጀልባው ነው። ስሙ «ቴና» ይባላል። ርዝመቱ አሥር ሜትር ያህል ሲሆን፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ይጭናል። ሲሠራ አንድ ሚስማር አይመታበትም። ሳንቃው ከሳንቃ ጋር በእንጨት ችንካር ይያያዛል፤ የውስጡ አጥንትም በሐረግ ይታሰራል። ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተጠለፈ ነው። በፊት ለፊቱ ከቀርከሃ የተሠራ መቆሚያ ወደ ባሕሩ ወጣ ብሎ ይታያል። በዚያ ላይ የሚቆመው ጦረኛ «ላማፋ» ይባላል። ላማፋው ጦሩን በሩቁ አይወረውርም፤ ከነጦሩ ራሱ ዘልሎ በእንስሳው ላይ ይወድቃል፤ የሰውነቱን ክብደት ለጦሩ ይጨምርለታል። ከዚያም ዋኝቶ ወደ ጀልባው ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ጀልባ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የአንድ ጎሳ ወይም የጎሳ ክፍል የጋራ ንብረት ነው። ሆኖም «የጋራ ነው» ሲባል የማንም ያልሆነ ማለት አይደለም። ድርሻ ያለው ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል። ድርሻውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ጀልባው ሲጠገን ባለድርሻው እንጨት፣ ሐረግ፣ ምግብ ወይም ጉልበት ያዋጣል። ያላዋጣ ሰው መብቱን ራሱ ያደክማል።

ከዚህም በላይ ሰዎቹ ጀልባውን እንደ ሕያው ፍጥረት ያዩታል። እያንዳንዱ ቴና የራሱ ስም አለው። እንጨቱ ሲያረጅና ሲበሰብስ፣ በዚያው ስምና በዚያው ቅርጽ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ሳንቃ የቅርብ ጊዜ ቢሆንም ጀልባው የአያት ቅድመ አያት ነው። ጀልባ በባሕር ላይ ሲጠፋ ለሰው እንደሚለቀሰው ይለቀስለታል። በ1994 አንድ ዓሣ ነባሪ ጀልባዎችን ጎትቶ ወደ ቲሞር አቅጣጫ ወስዷቸው ነበር። ቀዛፊዎቹ ከብዙ ስቃይ በኋላ በመንገደኞች መርከብ ተረፉ፤ ጀልባቸው ግን በባሕር ላይ ቀረ። ሰዎቹ በመትረፋቸው ደስታ ቢሆንም፣ ለጀልባው ደግሞ ሐዘን ነበር።

ጀልባዎቹ በባሕሩ ዳር በቅጠል በተከደነ መጠለያ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው በቅዱስ ጴጥሮስ ስም የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። በሚያዝያ መጨረሻ፣ አደኑ ከመጀመሩ በፊት፣ የጎሳ ሽማግሌዎችና ባለጀልባዎች በዚያ አሸዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ያለፈው ዓመት ጠብና ቅሬታ ሁሉ በግልጽ ይነገራል፤ ይታረቃል። ምክንያቱም በእነርሱ እምነት ቤቱ ጠብ ያለበት ሰው ጦሩ አይሰካም፤ ወንድማማቾች የተኳረፉበት ጀልባም ባዶውን ይመለሳል። ከዚህ በኋላ በግንቦት መጀመሪያ ቅዳሴ ተደርጎ አደኑ ይከፈታል፤ እስከ ጥቅምት ይቆያል። በእሑድ ቀን አይወጡም።

ሥጋው እንዴት ይከፋፈላል?

ዓሣ ነባሪ የታየ እንደ ሆነ አንዱ «ባሌኦ! ባሌኦ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ መንደሩን ያዳርሳል። ቀናቸው ከሆነ፣ የብዙ ሰው ቀለብ የሚሆን ሥጋ በአሸዋው ላይ ይወድቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ላይ ጠብ ይነሣ ነበር። እዚህ ግን ቢላዋው የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

እንስሳው ከራሱ እስከ ጅራቱ በክፍል በክፍል የተመደበ ነው። ይህ ቁራጭ የመሬት ጌቶች ነው፤ ያኛው የጀልባው ባለድርሻዎች ነው፤ ሌላው በባሕሩ ላይ የደከሙት የቀዛፊዎቹና የላማፋው ነው። ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ ጦሩን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪና ሸራውን የጠለፈውም ድርሻ አላቸው። ብረት ሠሪው በዕለቱ ቤቱ ተቀምጦ ቢውልም ድርሻው አይቀርበትም፤ ያለ እርሱ ጦር ጦሩ አይኖርምና። ድርሻውን የወሰደ ሰው ደግሞ ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለመበለቲቱና አባት ለሌለው ልጅ ያካፍላል። በዚህ ዓይነት ሥጋው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በመንደሩ ቤቶች ሁሉ ይደርሳል።

አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ማይክል አልቫርድ በዚህ መንደር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ሙከራው እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው የተወሰነ ነገር ይሰጠውና «ከማታውቀው ሰው ጋር ተካፈል፤ ምን ያህል እንደምትሰጠው አንተ ወስን፤ እርሱ ድርሻውን አልቀበልም ካለ ግን ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ» ይባላል። በ2001 ይፋ በሆነው ጥናት ይኸው ሙከራ በአምስት አህጉራት ከሚገኙ 15 አነስተኛ ማኅበረሰቦች ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ከሁሉም ብዙ የሰጡት የላማሌራ ሰዎች ሆኑ፤ በአማካይ ከግማሽ አልፈው 58 ከመቶ ያህል ለሌላው ሰጡ። ይህ የሆነው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቸር ሆነው ስለ ተፈጠሩ አይመስልም። ኑሯቸው ራሱ መካፈልን ስላስተማራቸው ነው። ብቻውን ዓሣ ነባሪ የሚይዝ ሰው የለም።

የሴቶቹ መንገድ

እስካሁን ስለ ወንዶቹ ተናገርን። ነገር ግን መንደሩን የሚያኖሩት ሴቶቹ ጭምር ናቸው። ሥጋ ብቻውን አያጠግብም። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ በየቤቱ በቀርከሃ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ሴቶቹ በቅርጫት አድርገው፣ በራሳቸው ተሸክመው፣ ወደ ተራራው መንደሮች በእግር ይወጣሉ። ደረቅ ሥጋ፣ ዓሣና ጨው ይሰጣሉ፤ በቆሎ፣ ሙዝና ሥራ ሥር ይቀበላሉ።

ከመንደሩ ብዙም በማይርቀው በዉላንዶኒ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። በአንድ ወገን የባሕር ዳር ሴቶች፣ በሌላ ወገን የተራራ ሴቶች ይቀመጣሉ። ፊሽካ እስኪነፋ ማንም መለዋወጥ አይጀምርም። የልውውጡ መለኪያ «ሙንጋ» ይባላል፤ ስድስት ፍሬ እንደ ማለት ነው። ዋጋው ከቆየ ልማድ የመጣ በመሆኑ የከተማ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ገበያው ቶሎ አይናወጥም። ተራራውም የሚገኘው ሥጋና ጨው ስለሚያስፈልገው፣ ባሕር ዳሩም እህል ስለሚያስፈልገው፣ አንዱ ያለ አንዱ አይኖርም።

ሴቶቹ ሸማኔዎችም ናቸው። ክሩን በተለያየ ቦታ እያሰሩ በቅጠልና በሥር ቀለም ይነክሩታል፤ ከዚያ ይሸምኑታል። በጥሎሽ ጊዜ የወንዱ ወገን የዝሆን ጥርስ ሲሰጥ፣ የሴቲቱ ወገን ደግሞ ይህን የተሸመነ ልብስ ይመልሳል። በደሴቲቱ ዝሆን የለም፤ ጥርሱ በድሮ ዘመን በንግድ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ከቤት ወደ ቤት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲዘዋወር ይኖራል። ስለዚህ በላማሌራ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ሲቆጠር የጀልባ ድርሻው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ በሣጥን ያለው ልብስ፣ እንዲሁም በተራራው ላይ ያለው የልውውጥ ወዳጁ ይቆጠራል። የእርሻ መሬቱ ግን ጥቂት ነው።

የመጡና የሄዱ

መንደሪቱ ሩቅ ብትሆንም ከዓለም ተቆልፋ አልኖረችም። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት በአጠገቧ በምትገኘው በሶሎር ደሴት ምሽግ ሠርተው ነበር። በ1624 የተጻፈ አንድ የፖርቱጋል ሰነድ የዚያ አካባቢ ሰዎች ዓሣ ነባሪን በጦር እንደሚያድኑ ይናገራል። ይህም አደኑ ቢያንስ 400 ዓመት እንደ ሞላው ያስረዳናል። በ1859 በተፈረመ ውል ፖርቱጋል አካባቢውን ለሆላንድ ለቀቀች። በ1920 ጀርመናዊው ቄስ በርናርዱስ ቦዴ በላማሌራ መኖር ጀመረ። እርሱም ብዙ የቆየ ሥርዓት አስቀረ፤ ጀልባውን፣ ድርሻውንና የመሬት ጌቶችን መብት ግን ሕዝቡ ጠብቆ አቆየ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ትምህርት ቤትም መጣ። መሬት የሌለው ሕዝብ ልጆቹን ወደ ትምህርት ላከ። ከዚህች ትንሽ መንደር ብዙ አስተማሪዎች፣ ቄሶችና የመንግሥት ሠራተኞች ወጡ። ጎሪስ ኬራፍ በ1936 በዚያ ተወለደ። በኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ፕሮፌሰር ሆኖ ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች የሰዋስው መጻሕፍት ጻፈ። የዶክተርነት ጥናቱን የሠራው ግን ስለ እናቱ ቋንቋ፣ ስለ ላማሌራ አነጋገር ነው። በ1997 አረፈ። ሶኒ ኬራፍም የዚያች መንደር ልጅ ነው፤ ከ1999 እስከ 2001 የኢንዶኔዥያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ነበር። ሌሎች ወጣቶች ለሥራ ወደ ኩፓንግ፣ ወደ ጃካርታና ባሕር ተሻግረው ወደ ማሌዥያ ይሄዳሉ። በአገሩ ቋንቋ ሥራና ዕውቀት ፍለጋ ከቤት ርቆ መሄድ «ሜራንታው» ይባላል። የሄደው ሰው የጀልባ ወገኑን አይረሳም፤ ጀልባው አዲስ ሲሠራ ገንዘብ ይልካል።

መንገዱ ለረጅም ዘመን ሁለት ብቻ ነበር፤ ባሕርና እግር። በኋላ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሌዎሌባ ሰውንና ጭነትን አንድ ላይ የሚያመላልስ የጭነት መኪና መጣ። ርቀቱ ብዙ ባይሆንም መንገዱ የተበላሸ ስለ ነበር ጉዞው ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። በ1999 ሌምባታ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤቶች ቀረቡ፤ ከእነርሱም ጋር ወረቀት ቀረበ።

ወረቀቱ ሲመጣ

ኢንዶኔዥያ በ1960 አንድ ትልቅ የመሬት ሕግ አወጣች። ቁጥሩ 5 ነው። ከሆላንድ ዘመን የቀረውን፣ ለፈረንጅና ለአገሬው የተለያየ የነበረውን ሕግ ሽሮ አንድ አደረገው። በዚህ ሕግ የሙሉ ባለቤትነት መብት «ሐክ ሚሊክ» ይባላል። «ሐክ» የሚለው ቃል እኛ «ሐቅ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። ይህ መብት በሰው ደረጃ ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነው። የውጭ ሰው የሚያገኘው በጊዜ የተወሰነ የመጠቀም መብት ነው። በሌሎች ደሴቶች የባሕር ዳር መሬት በውጭ ሰዎች ሲፈለግ፣ አንዳንዱ በአገሬው ሰው ስም እየገዛ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ስውር ውል አይቀበለውምና።

ሕጉ የጎሳዎችን የቆየ የመሬት መብትም ይቀበላል፤ ነገር ግን መብቱ በእርግጥ ያለ ከሆነና ከአገሪቱ ጥቅም ጋር ካልተቃረነ ብቻ ነው። በ1997 የወጣው የመሬት መዝገብ ደንብ ደግሞ ወረቀት ለሌለው ሰው አንድ በር ከፈተ። 20 ዓመትና ከዚያ በላይ በቅን ልቦና መሬቱን ይዞ የቆየ ሰው፣ የሚታመኑ ምስክሮች ካሉት፣ በስሙ ማስመዝገብ ይችላል። ይህ መልካም ነው፤ የጎረቤት ቃል በመንግሥት ፊት ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሌላ ዘንድ ነው። የቤት ቦታ በመዝገብ ሊጻፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የመሬት ጌቶች ከዓሣ ነባሪው ራስ የሚያገኙት ድርሻ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? የብረት ሠሪው ቁራጭ፣ የመበለቲቱ ሥጋ፣ በተራራው ያለው የልውውጥ ወዳጅነትስ? ጀልባዎቹ የሚቀመጡበት አሸዋም የመላው መንደር ነው። በ2016 የወጣ የፕሬዚዳንት ደንብ ደግሞ ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ቢያንስ 100 ሜትር ያህሉ የባሕር ዳር ወሰን ሆኖ እንዲጠበቅ ይል ነበር። እንግዲህ ለላማሌራ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ በአንድ ሰው ስም ሊጻፍ የማይገባው ቦታ ነው።

ሞተርና ጥበቃ

በ1970ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አንድ ኖርዌያዊ አዳኝ በዘመናዊ መሣሪያ እንዲረዳቸው ልኮ ነበር። ፕሮጀክቱ አልዘለቀም፤ ሰዎቹ ወደ ሸራቸውና ወደ መቅዘፊያቸው ተመለሱ። ከ2000 ገደማ ወዲህ ግን ሞተር የተገጠመላቸው ትናንሽ ጀልባዎች በዝተዋል። ሰዎቹ በሞተሩ ስም «ጆንሰን» ይሏቸዋል። ጆንሰን ፈጣን ነው፤ ብዙ ቀዛፊም አይፈልግም። ነገር ግን ቤንዚን ይጠጣል፤ ቤንዚን ደግሞ በሙዝና በበቆሎ አይገዛም፤ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ቤተሰብ የራሱን ጀልባ ያበጃል። መረብም መጣ፤ መረብ ያለው ያለ ጎሳው ዓሣ ይይዛል። ቴናው በመጠለያው የሚቆይበት ቀን በዛ። ሽማግሌዎቹ ግን ዓሣ ነባሪ ሲወጋ ጦሩ ከቴና ላይ እንዲሆን ጸኑ፤ ሞተሩ ቴናውን እስከ ቦታው ይጎትተዋል።

በሌላ በኩል የዓለም ሕዝብ ስለ ዓሣ ነባሪዎች መጥፋት መጨነቅ ጀመረ። ጭንቀቱ ምክንያት ነበረው፤ የታላላቅ አገሮች መርከቦች በ20ኛው መቶ ዓመት እጅግ ብዙ ፈጅተዋልና። የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ1982 ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ። ኢንዶኔዥያ የኮሚሽኑ አባል አይደለችም፤ የላማሌራም አደን ለራስ ቀለብ እንጂ ለዓለም ገበያ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2009 የሳዉ ባሕር ጥበቃ ቦታ ሊሆን ሲታቀድ፣ መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ተቃወመ። በመጨረሻ የሌምባታ በኩል ከጥበቃው ውጭ ቀረ፤ የቀረው ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ባሕር ግን በ2014 በሕግ ተከለለ። በዚያው ዓመት ማንታ የሚባለው ሰፊ የባሕር እንስሳ በመላ አገሪቱ እንዳይያዝ ታወጀ። ላማሌራ ከጥንት ጀምሮ የሚያድነው ስለ ነበር፣ የአባቱን ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ ሕግ ተላላፊ የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጠረ።

እዚህ ላይ ማን ልክ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። ባሕሩ ካልተጠበቀ ለልጅ ልጅ የሚቀር ነገር አይኖርም። ሰዎቹ ሳይጠየቁ ከተከለከሉ ደግሞ፣ ባሕሩን እስካሁን በሥርዓት የተጠቀመበት ሕዝብ ይበተናል። ሕግ አውጪዎቹም ይህን ስላዩ፣ የሌምባታን በኩል በድርድር ትተውታል።

ለመደምደም ያህል

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የላማሌራ ሰዎች ያለ መሬት መጡ። የሰጧቸውን ቦታ በውል ተቀበሉ፤ ውሉንም በየዓመቱ ከባሕር በሚያገኙት ያድሱታል። ሀብታቸውን በአጥር አልከለሉትም፤ ድርሻ በድርሻ አድርገው ከሰው ወደ ሰው አሰሩት። ጀልባቸው ያለ ሚስማር እንደ ታሰረ፣ መንደራቸውም እንዲሁ ታስሯል። እንዲህ ያለው እስራት የሚጸናው በየጊዜው ሲጠበቅ ነው፤ የሚያጠብቀው ሰው ከጠፋ ግን ይላላል።

በዛሬ ዘመን ወረቀት የማይፈልግ ሕዝብ የለም። የላማሌራ ሰውም የቤቱን ቦታ ማስመዝገቡ ተገቢ ነው፤ እኛም የምንፈርመውን ሁሉ አንብበን፣ ያልገባንን አስተርጉመን፣ ቅጂውን በቤታችን ማስቀመጥ ይገባናል። ወረቀቱ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ቤት ውስጥ የገባው ሰው ለማን ምን እንደሚገባው ግን ወረቀቱ አይናገርም። ይህን ለልጆቻችን የምንነግራቸው እኛው ነን። በላማሌራ ልጆቹ የሚማሩት በአሸዋው ላይ ቆመው፣ ቢላዋው የሚሄድበትን መንገድ እያዩ፣ «ይህ የማን ነው?» ብለው እየጠየቁ ነው። አባቶቹም ምክንያቱን እየነገሩ ይመልሱላቸዋል።